የገሌ ታኮ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የማውቀው አናጢው ጋሽ ታደለ የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቀው ሲጨርሱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስለጠየቁኝና ስልኬን አይቼ ስለነገርኳቸው ነው። ከአውቶቡሱ ወረዱ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ ሥራው እንዳማረለት ሰው ደስ ብሏቸው የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱት።

ዷ! ዷ!

«አለቀ እንግዲህ!» አሉ።

ከግቢው ማዶ፣ በረንዳው ላይ፣ ሁላችን አዴር፣ አጎት፣ የምንላቸው ሽማግሌው ወርሰሜ ከወንበራቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ላለፉት ሳምንታት ከሰላምታ ሌላ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፃቸው ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

«ገሌ ገብቷል?»

ውሃ ትቀዳ የነበረችው ልጃቸው ሁዳ ጀሪካኑን ለቀቀችው። ውሃው እግሯን ሲያርሰው እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ በጂኦግራፊ ተመርቄ ጅግጅጋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ 2014 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አስተማሪ ብሆንም ዓይን አፋር ነኝ። ጠመኔ እስከያዝኩ ድረስ ድምፄ ይወጣል፤ ከክፍል ስወጣ ግን ድምፄን ሰሌዳው ሥር ትቼው የምሄድ ይመስለኛል። ዓይን አፋርነቴ ምን ያህል እንደነበር በአንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም ነበር። መውረጃዬ ሲደርስ ሌላ ሰው እስኪል እጠብቃለሁ። የሚል ከጠፋ እስከ መጨረሻው ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። አንዴ በዚህ የተነሳ ፈተና ልፈትን አርፍጃለሁ።

በሌላ በኩል ጠንቃቃ ነኝ። ከመተኛቴ በፊት በሩን ሦስቴ አረጋግጣለሁ። ያየሁትን በማስታወሻ ደብተር እጽፋለሁ። ሰው ግን አልጠይቅም። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊኖሩ እንደማይገባ የገባኝ ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው።

የምኖረው አውቶቡስ ውስጥ ነበር። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ሁዳ ግቢ ውስጥ ግን ቤት ነው። ከከተማው ወደ ካራማራ ሲወጣ ባለው ዳገት ላይ፣ ከግቢው ጀርባ ሰፊ ደረቅ ቦይ አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ወንዝ ይሆናል። በቦዩ አፋፍ ላይ፣ ጀርባውን ለቦዩ ሰጥቶ፣ አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆሟል። ከሐረር ጅግጅጋ ሲመላለስ የኖረ የአዴር ወርሰሜ አውቶቡስ ነው። ሞተሩ ወጥቶ ተሽጧል። ሁዳ ለወንድሟ ብላ ወንበሮቹን አስነቅላ፣ ወለሉን ምንጣፍ አልብሳ፣ ከኋላ አልጋ አስገብታ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ላይ መጋረጃ ሰቅላ ነበር። ወንድሟ ወደ ውጭ ሲሄድ ለእኔ አከራየችኝ። ያልተነካው የሹፌሩ ወንበርና መሪው ብቻ ነው። አዴር ወርሰሜ አይነካም ብለዋል። እሳቸው ግን ወደ አውቶቡሱ ድርሽ አይሉም። በረንዳው ላይ ሆነው ከሩቅ ያዩታል፣ የጫማቸውን ክር ጥብቅ አድርገው አስረው። ለሶላት ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ሰግደው ሲነሱ ወዲያው መልሰው ያስራሉ። ሁዳ እንደምትለው ጫማ አድርገው ነው የሚተኙት።

የቸገረኝ ጠረጴዛ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን አልጋ ላይ ተኮራምቼ ስጽፍ ወገቤ አለቀ። ከተማው ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ችፑድ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ብስኩት ይፈርሳል። እኔ የፈለግኩት የተፈጥሮ እንጨት፣ ዳሩ እንደበቀለ የቀረ፣ ቅርፊቱና ጉብጠቱ የሚታይ ነው። ጅግጅጋ ሜዳ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ እንጨት ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን እርሳስ ወድቆብኝ በአውቶቡሱ ሥር ጎንበስ ስል አየሁት። ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ የተጋደመ ወፍራም ግንድ። ጋሽ ታደለን ጠራኋቸው። ወታደር ሆነው መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር በሶማልኛ እየተሳደቡ የሚስቁ። ግንዱን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱት።

«ወይራ ነው፣ ልጄ። ደርቆ ደርቆ አጥንት ሆኗል። ይሄን ትተሽ ሌላ እንጨት ትፈልጊያለሽ?»

ሁዳን አስፈቀድን።

«ውሰጂው ወላሂ» አለች። «ድንጋይ አድርጉበት። ደግሞስ ሞተር የለው፣ ጎማው አየር የለው፣ የት ይሄዳል? ሐረር?»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ታደለ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ከጎማዎቹ ኋላ ወሸቁና በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። ግንዱን እዚያ ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም።

መሰንጠቂያ ቤት ወስደው ለሁለት አሰነጠቁት፣ እንደ መጽሐፍ ገልጠው በኮላ አጋጠሙት፣ ላጉት። ሁለቱ ዳሮች ከነቅርፊታቸው ቀሩ። በአንደኛው ዳር ላይ፣ መላጊያ ሦስት ጊዜ ቢያልፍበትም ያልጠፋ፣ የጎማ ጥርስ የመሰለ ስርጉድ ነበር። «ይቅር፣ ውበት ነው» አልኳቸው። ቦታው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ሆነ። እንዳይነቃነቅ ብለው አንዱን ጎን ከአውቶቡሱ ላሜራ፣ እግሮቹን ከወለሉ ጋር በብሎን አሰሩት። በመጨረሻ ውሃ ልክ አስቀምጠው አሳዩኝ፤ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ነው ወርደው ሁለቴ የመቱት።

አዴር ወርሰሜ «ገሌ ገብቷል?» ብለው ዝም አላሉም። ተነሱ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ግቢውን አቋረጡ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ በአጠገቤ አልፈው ወደ ኋላ ጎማዎቹ ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ድንጋዮቹን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ታኮው የት አለ?»

ታኮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር የሚወሽቀው እንጨት ነው። ጠረጴዛ ያሠራሁበት ግንድ ታኮው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አዴር ወርሰሜ ቀና ብለው በቀጥታ እኔን አዩ።

«አንቺ አስተማሪዋ። ታኮው የት አለ?»

«አለ፣ አቦ» አለቻቸው ሁዳ አባቷን ከኋላ፣ በችኮላ። «አለ። ተደብቆ ነው። ና ግባ፣ ፀሐይ ነው።»

ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። እየሄዱም አንገታቸውን አዙረው ያዩኝ ነበር። እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ዕለቱን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አዲሱ ጠረጴዛዬ ላይ ደብተር እያረምኩ ሳለ፣ ከጀርባዬ አንድ ነገር መታ።

ዷ።

አንዴ ብቻ። ከውስጥም አይደለም፣ ከውጭም አይደለም፤ ከላሜራው ከራሱ። በሩን ከፍቼ ዞርኩ። ማንም የለም። ቦዩ ባዶ ነው፣ ዶሮዎቹ ሰፍረዋል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልማዴ ነውና ደብተሬ ላይ «ሐሙስ፣ 11:50፣ አንድ ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በእያንዳንዱ መሐል ረጅም ዝምታ አለ፤ አንዱም ሁለቴ አልመታም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ታደለን ሱቃቸው በር ላይ አገኘኋቸውና እንደምንም ነገርኳቸው።

«እንጨት ነው» አሉኝ እየሳቁ። «እንጨትና ብረት ሲታሰሩ መጀመሪያ ይጣላሉ፣ ኋላ ይላመዳሉ። እንደ አዲስ ሙሽሮች። ተያቸው!»

ደስ አለኝ። እርሳሴ ግን ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ቀስ ብሎ ተንከባለለ፤ ወደ አልጋው፣ ወደ ኋላ። መልሼ አስቀመጥኩት። መልሶ ሄደ። አንድ ሰው ከዚያ በኩል በገመድ የሚስበው ይመስል ነበር። ይህንንም ጻፍኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ማታ ሁዳ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ከሐሙስ ጀምሮ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ጠረጴዛውን በእጇ ዳሰሰችው፣ የጎማው ስርጉድ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ገሌ ማነው?» አልኳት። በሕይወቴ ሰው ከጠየቅኩባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው።

«የአቦ ረዳት ነበር» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠሩ። አቦ ገሌን የሚያየው በስፖኪዮ ብቻ ነው፤ በእጁ ነው የሚነጋገሩት። ላሜራውን ሁለቴ ሲመታ ሂድ፣ አንዴ ሲመታ ቁም፣ ወይም ታኮው ገብቷል። አቦ ‹ከእናትሽ ይልቅ የገሌን እጅ አምናለሁ› ይል ነበር፣ እናቴ ትስቅ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ካራማራ ዳገቱ ላይ ቆሙ። አንዲት ሴት ታማ ልትወርድ ነበር። ፍሬኑ ደካማ ስለነበር ገሌ ወረደ፣ የመንገድ ዳር ግንድ አግኝቶ እያንከባለለ ከጎማው ኋላ ሊያስገባ ጎንበስ አለ። ውስጥ ያለ አንድ ተሳፋሪ ቸኮለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ አባዮ፣ እህቴ። እጁን በመስኮት አውጥቶ ላሜራውን ሁለቴ መታ። አቦ ገሌ መስሎት እግሩን ከፍሬን አነሳ። መኪናው ከመሄዱ በፊት ወደ ኋላ ሸተት አለ። ትንሽ ነው። ይቺን ታህል ነው።»

በእጇ የአንድ ክንድ ልክ አሳየችኝ። ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። ሁለታችንም ስርጉዱን እናየው ነበር።

«መኪናውን ሌላ ሹፌር ነው አምጥቶ እዚህ ያቆመው» አለች ቀስ ብላ። «ያንን የገሌን ግንድ ከጎማው ኋላ ያስገባው ግን አቦ ራሱ ነው። እኔ... ተራ እንጨት ነበር የመሰለኝ። ወላሂ አላወቅኩም።»

«ልንነግራቸው ይገባል» ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጨርቅ አልብሺው» አለችኝ ሁዳ። «አያየውም። ይረሳዋል፤ ሁሉንም እየረሳ አይደል?»

ጠረጴዛውን ነጠላዬን አለበስኩት። ከጨርቁ ሥር ያ ድምፅ አንዴ መታ። ሁዳ ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁዳ አውበሬ የምትኖር አክስቷ ታማባት ሄደች። አደራዋን የሰጠችኝ በሩ ላይ ቆማ፣ ጫማዋን እያደረገች ነው።

«እስከ ማታ እመለሳለሁ። አቦን አደራ። ሻይ ስጪው፣ ከበረንዳው እንዳይወርድ። ዝናብ ከመጣ አስገቢው።»

«እሺ» አልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ከካራማራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ደመናው ተራራውን ሸፍኖት ሜዳው ላይ ወረደ፤ ገና ቀን ሆኖ ሳለ ግቢው የመሸ መሰለ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። እንዲህ ያለ ዝናብ ደሴም አይቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ራሴን እንኳ መስማት አልቻልኩም። የአዴር ወርሰሜን ወንበር ወደ ውስጥ ሳብኩላቸው፣ ጋቢ ደረብኩላቸው። ዓይናቸው ከአውቶቡሱ አልተነሳም።

«ሻይ ላምጣ፣ አዴር» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ወደ ማድቤት ገባሁ።

አምስት ደቂቃ አልቆየሁም። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ጋቢው ወለሉ ላይ ወድቋል። ምርኩዛቸው በረንዳው ደረጃ ላይ ተጋድሟል።

የአውቶቡሱ በር ተከፍቶ ነበር። አዴር ወርሰሜ የሹፌር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በመስታወቱ ታዩኝ። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፤ በረንዳው ላይ የማውቃቸው ሽማግሌ አልነበሩም። እንደ አርባ ዓመት ሰው ስፖኪዮውን ያዩ ነበር።

ኩባያውን ጥዬ ሮጥኩ። በአውቶቡሱ ጎን ሳልፍ ወደ ኋላ አየሁና እግሬ ቆመ። ከጎማዎቹ ኋላ የነበሩት ድንጋዮች የሉም። ጎርፉ ከሥራቸው ያለውን አፈር ጠርጎ ወስዶታል፤ ድንጋዮቹ ቦዩ ውስጥ ወድቀዋል። ባዶ የነበረው ቦይ ቀይ ውሃ ሞልቶ ይጮኻል። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ቀስ እያሉ ይንሸራተቱ ነበር፤ አንድ ጣት ያህል፣ ቆም፣ አንድ ጣት ያህል፣ ቆም። ያን ጊዜ ገባኝ። እርሳሴን ማንም አልሳበውም። አውቶቡሱ ከሐሙስ ጀምሮ ወደ ኋላ እያዘነበለ ነበር። እኔ ደግሞ ደብተሬ ላይ ስጽፈው ነበር።

በሩ ላይ ወጣሁ።

«አዴር፣ ይውረዱ!»

ዘወር ብለው አዩኝ፣ ፈገግ አሉ። «ግቢ፣ አስተማሪ። አንድ ቦታ አለ።»

«አዴር፣ አውቶቡሱ ሊወድቅ ነው! ይውረዱ!»

ክንዳቸውን ይዤ ሳብኩ። እንደ ብረት ነው። ቀኝ እግራቸውን አየሁ። ክሩ ጥብቅ ብሎ የታሰረው ጫማ የፍሬኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጦታል። ያ ፍሬን ዘይት ካየ አሥር ዓመት አልፎታል። እግራቸው የያዘው ምንም ነገር አልነበረም።

«አልችልም» አሉኝ፣ በእርጋታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ገሌ ከታች ነው። ታኮ እያስገባ ነው። እግሬን ካነሳሁ ይሞታል።»

«ገሌ የለም፣ አዴር...»

«ዝም በዪ! አሁን በእጁ ይነግረኛል። አንዴ ሲመታ ገብቷል ማለት ነው። እስከዚያ አላነሳም።»

ከእግሬ በታች ወለሉ ሸተት አለ። ነጠላው ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አወቅኩ፤ ግን አልፈለግኩም። ከእሳቸው አጠገብ ሆኜ ብመታ ያዩኛል። መምጣት ያለበት ከኋላ፣ ከገሌ ቦታ ነው። ወረድኩ። የአውቶቡሱን ጎን እየተደገፍኩ ወደ አፋፉ ሄድኩ። አንድ እግሬ ያለበት መሬት እየተንቀሳቀሰ ነበር። ስፖኪዮው ውስጥ የአዴር ወርሰሜን ዓይኖች አየሁ፤ የሚጠብቁ ዓይኖች። እኔን እያዩ ነበር፤ የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም።

እጄን አነሳሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ ማመን የእናንተ ነው።

እጄ ላሜራውን አልነካም። በመዳፌና በብረቱ መሐል አንድ ስንዝር ነበር።

ዷ።

መታ። በመዳፌ ፊት ለፊት፣ ከውስጥ በኩል፣ ሰው እጄን ሊቀበለኝ እጁን የዘረጋ ያህል። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከዚያ ጮኽኩ። ያ ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ጉሮሮዬ ሲያቃጥለኝ ነው።

«ገብቷል! ታኮው ገብቷል! ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!»

በስፖኪዮው ውስጥ የአዴር ወርሰሜ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። ትልቅ ትንፋሽ እንዳወጣ ሰው። ወደ ፊት ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር፤ ተሳፋሪ ሊያወርድ እንደሚመጣ ሹፌር እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሁለት እጄን አንገታቸው ላይ አድርጌ ከራሴ ጋር ጣልኳቸው። ጭቃው ላይ ወደቅን።

አውቶቡሱ አልቸኮለም። ተሳፋሪው ሁሉ እንደገባለት መኪና ቀስ ብሎ ተነሳ። መጋረጃዎቼ በመስኮቶቹ እየተውለበለቡ በጀርባው ወደ ቦዩ ወረደ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ተቃንቶ ቆመ። የተከፈተው በር ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛወዘ። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ከሦስት ቤት ማዶ ያሉ ጎረቤቶች ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ጋሽ ታደለም ሱቃቸውን ክፍት ጥለው ደረሱ። አንዷ ጎረቤታችን «አስተማሪዋ ናት እንዴ? እኔ የመሰለኝ የመናኸሪያ ጠሪ ነው!» ስትል ሰማኋት። አዴር ወርሰሜ ጭቃው ላይ ተቀምጠው እጄን አልለቀቁም።

ያ ምት ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ጋሽ ታደለ መልስ አላቸው፤ አውቶቡሱ ሲጣመም ከወለልና ከላሜራ ጋር የታሰረው ጠረጴዛ ተወጥሮ ነበር፣ ከሐሙስ ጀምሮ የመታውም እሱ ነው፣ በመጨረሻም በኮላው መጋጠሚያ ተሰነጠቀ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በእርግጥ ተሰንጥቋል። መልሱ ትክክል ነው ብዬ አስባለሁ። ግን እንጨቱ ለሦስት ቀን ሲመታ አንዴም ሁለቴ አለመምታቱን፣ የመጨረሻው ምት ደግሞ እጄን ባነሳሁበት ቅጽበት መሆኑን ሳስብ እስከ አሁን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። ሁለቱን ይዤ እኖራለሁ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ምቱ አይደለም። «አንቺ አስተማሪዋ፣ ታኮው የት አለ?» ሲሉኝ የቆምኩባት ያቺ ደቂቃ ናት። ያን ጊዜ ሁለት ቃል ተናግሬ ቢሆን አውቶቡሱ ዛሬ በቦታው ይቆም ነበር። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከመሐላችሁ እንደ እኔ መውረጃው ሲያልፈው ዝም የሚል ሰው ካለ፣ ለእሱ ነው የምጽፈው። ዝምታችን እኛን ብቻ የሚጎዳ ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ያን ማታ ሁዳ ተመለሰች፣ አለቀሰች፣ አቀፈችኝ። አባቷን አጥባ ደረቅ ልብስ አለበሰቻቸው። ጫማቸውን ለማውለቅ ግን እምቢ አሉ። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ስንት ጊዜ እንደጠየቁ አልቆጠርኩም።

«ታኮው ገብቷል?»

«ገብቷል፣ አቦ» ትላለች ሁዳ።

እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ካራማራ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ተነስቼ አልጋቸው አጠገብ ሄድኩ። ነቅተው ነበር። ከሥራቸው ተንበረከክሁና ሁዳ እየሰማች፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ተናገርኩ።

«አዴር፣ ታኮውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጠረጴዛ አሠራሁበት። ሐሙስ ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ትናንትም ገብቷል ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ያን ጠዋት ጥርት ያለ ነበር።

«ታዲያ መልሺዋ» አሉኝ።

ጋሽ ታደለን ቀሰቀስኳቸው። አንድ ቃል ሳይቀልዱ ካቻቪቴያቸውን ይዘው ከእኔ ጋር ወደ ቦዩ ወረዱ። ውሃው ሄዷል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ጠረጴዛውን ከላሜራውና ከወለሉ ፈታን። በስንጥቁ ለሁለት ተለየ፤ ስርጉዱ ያለበትን ግማሽ እኔ ተሸከምኩ። አውቶቡሱ ከእንግዲህ የትም አይሄድም። ቢሆንም ወደ ኋላ ጎማው ዞርኩ፣ ጭቃውን በእጄ ቆፈርኩ፣ እንጨቱን ስርጉዱ ጎማው ላይ ልክ እስኪገጥም ገፋሁት። ገጠመ።

ቀና ስል አዴር ወርሰሜ ሁዳን ተደግፈው አፋፉ ላይ ቆመው ነበር። ምንም አልጠየቁም። ይጠብቁ ነበር።

መዳፌን አንስቼ ላሜራውን አንድ ጊዜ መታሁት።

ተመልሼ ስወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር እየፈቱ ነበር። ቀኙን አወለቁ፣ ግራውን አወለቁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ግድግዳው ሥር አስቀመጡና ሊተኙ ገቡ።